ትርፉ ውሃ የወረደበት ግድግዳ

አንድ ሰው ቤቱን ሊያድስ ተነሣ። ክረምቱ ሳይገባ ነው። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ እንደ አንዳንዶቻችን ጣራው አናቱ ላይ ማንጠባጠብ ሲጀምር ግንበኛ ፍለጋ የሚሮጥ አይደለም። አስናቀ የሚባል ግንበኛ ጠርቶ ቤቱን ዙሪያውን አብረው ዞሩት። የዛገው ቆርቆሮ ይቀየር፤ የተሰነጠቀው ልስን ይራገፍና እንደገና ይለሰን፤ ምስጥ የበላው የጣራ እንጨት ይነሣ ተባባሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ልቡ ያለው የዝናቡ ውሃ ላይ ነበር። ቧንቧ ሲፈልግ የሚመጣበት፣ ሲፈልግ የሚጠፋበት ሰፈር ነው። ታዲያ ከሰማይ በነጻ የሚወርደው ለምን በከንቱ ይፍሰስ? አሸንዳ አሰቅሎ ትልቅ ታንከር ሊሞላ አሰበ። መልካም አሳብ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም።

ቤቱ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም። አባታቸው የሠሩት ረጅም የጭቃ ቤት ነው፤ አባት ሲሞቱ ቤቱም ግቢውም ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የእርሱ፣ ግማሹ የታናሽ ወንድሙ የፈለቀ ሆነ። በመካከላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይሰማል። «ይማርህ» የሚባባሉ ግን አልነበሩም።

ምን አጣላቸው? ቤቱን የተካፈሉ ዕለት፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ፈለቀ ተናደደና «አንተ ከአባቴ በኋላ አባት አልሆንከኝም» አለው። ይህችው ናት። ታላቅየው ይህችን ቃል ዋጣት፤ አልወረደችለትም። ሽማግሌ ልኮ መታረቅ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የላከ የተሸነፈ ይመስለዋል። ደግሞስ ማን ለማን ይላክ? ታናሽ እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ ይላል ይሄኛው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ?

ወደ ሥራው እንመለስ። አስናቀ አሸንዳውን ሰቀለ፤ ታንከሩንም በጓሮ፣ ሁለቱ ቤቶች በሚገናኙበት ጥግ አቆመው። ከዚያ፣ ታንከሩ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ በየት ይውጣ ብሎ ጠየቀ። በፊት ለፊት በኩል በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ቢወሰድ ጥሩ ነበር፤ ግን አዲስ የተነጠፈው የግቢ ሲሚንቶ ሊቆፈር ነው። ሰውየው ሲሚንቶውን አየው፤ ሳሳለት። ለጊዜው በጓሮ ይውረድ አለ። በጓሮ ማለት በፈለቀ ግድግዳ ሥር ማለት ነው። አስናቀ ይህን ቢያነሣበት፣ ከተቸገረ ወንድሜ አፍ አለው፣ መጥቶ ይንገረኝ ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ልብ በሉ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙን ሊጎዳ አልተነሣም። እንዲያውም ፈለቀ ሲመጣ በዓይነ ሕሊናው ይታየው ነበር። ይመጣል፤ ስለ ውሃው ያነሣል፤ እግረ መንገዱንም ስለዚያች ቃል ይቅርታ ይላል፤ እኔም ያንኑ ቀን ቱቦውን አስዞራለሁ ይል ነበር በልቡ። ወገኖቼ፣ ይህን እናውቀዋለን አይደለም? ወንድማችን ይናፍቀናል፤ ግን ሄደን በመጥራት ፈንታ እንዲመጣ እናስጨንቀዋለን።

ክረምቱ ገባ፤ ታንከሩ ሞላ። የሰውየው ሚስት ጄሪካን መሸከም ቀረላት። ትርፉም በጓሮ ይወርዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ የፈለቀ ሚስት ዝናሽ በአጥሩ በኩል ጠራችው። ውሃው ወደ ቤታቸው እየገባ መሆኑን በትሕትና ነገረችው። እርሱ ግን የሚጠብቀው እሷን አልነበረም።

«ፈለቀ እግር የለውም?» አላት። «እሱ ይምጣና ይንገረኝ።»

«እሱ እኮ…» ብላ ጀመረች። አላስጨረሳትም፤ ጀርባውን ሰጥቷት ገባ።

ከግድግዳው ማዶ ሳል ይሰማ ነበር። ክረምት ነው፣ ማን የማያስል አለ ብሎ ተወው። ጎረቤትም ምንም አልነገረው፤ የፈለቀን ስም በፊቱ ማንሣት ከተዉ ቆይተዋል። ሰውየው ጠበቀ። ዝናቡ በበረታ ቁጥር ዛሬስ ይመጣል ይላል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል። ፈለቀ አልመጣም። ትዕቢቱን አያችሁልኝ፣ ቤቱ ቢፈርስበት እንኳ አይመጣም እያለ ይብከነከናል።

አንድ ቀን ጠዋት ከማዶ የተሰማው ሳል አልነበረም፤ የዝናሽ ለቅሶ ነበር።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ላይ የሟች የቅርብ ሰው ከፊት ይቀመጣል። አባት የለ፣ እናት የለች፤ ታላቅ ወንድም እርሱ ነው። ከዚያ ጠብ ወዲህ ረግጦት ወደማያውቀው ቤት ደግፈው አስገቡትና፣ የፈለቀ አልጋ ከነበረበት ቦታ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አስቀመጡት። ጀርባውን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፍ ቀዘቀዘው። ዞር ብሎ አየ። ልስኑ ወርዷል፤ ጭቃው አብጦ ጭዱ ይታያል። ከሥሩ ውሃ እንዲመጥ ጨርቅና ጆንያ ተወትፏል። ውጭ ዝናብ ይጥል ነበርና የታንከሩ ትርፍ ሲወርድ ከውስጥ ሆኖ ሰማው። በራሱ ቤት ተቀምጦ ያንን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ለቀስተኛው እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል። ዝናሽ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አልወቀሰችውም። ሳንባው እንደነበር፣ ሐኪሞቹም የቆየ ሕመም ነው እንዳሏቸው ነገረችው። እኔም ውሃው ገደለው አልላችሁም። የመጨረሻ ክረምቱን ግን በዚያ ግድግዳ ሥር ነው ያሳለፈው። ከዚያ ዝናሽ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ያሉኝን ነግሬው ነበር። ‹እውነቱን ነው፣ ታናሽ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ› አለኝ። ጫማውን አጥልቄለት፣ ደግፌው ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው።»

ሰውየው ግንባሩን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳርፎ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ለወንድሙ ያለቀሰ መሰለው። ለራሱም ነበር የሚያለቅሰው።

ከሠልስቱ ማግስት አስናቀን አስጠርቶ ሲሚንቶውን አስቆፈረ፤ ቱቦው ወደ መንገዱ ዞረ። የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልነበረም። ግድግዳውም ቀስ እያለ ደረቀ። ደረቀ፤ ግን ለማን?

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ቤታችሁን ታድሳላችሁ፤ ስንጥቁንና ዝገቱን ዞራችሁ ታያላችሁ። ከእናንተ የሚወርደው በማን ግድግዳ ሥር እንደሚጠራቀምስ አይታችኋል? እዚህ ቆመን ጌታ ሆይ ቤታችንን ሙላልን እንላለን። ቸር ነውና ይሞላልናል። ነገር ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለዋል አባቶች።

ታናሽ ነው፣ እሱ ይምጣ አትበሉ። የበደለኝ እሱ ነው፣ እሱ ይቅደም አትበሉ። ያልመጣው ኮርቶ እንደሆነ በምን አወቃችሁ? አፍሮ ይሆናል። ታሞ ይሆናል። ሊመጣ ተነሥቶ አቅም አጥቶ ይሆናል። ይህን ከሩቅ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ የሚያውቀው የሄደ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። የማን በር እንደሆነ እኔ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ሂዱና አንኳኩ። እሱ ራሱ ተነሥቶ ሊከፍትላችሁ በሚችልበት በዛሬው ቀን አንኳኩ።