ተሰማ ቆቅና የዝምታው ምክር

በንጉሥ ሸለምጥማጥ ግዛት መዝፈን ክልክል አልነበረም። እንዲያውም ንጉሡ ዘፈን ይወዳል ይባል ነበር። ወንድ ቆቅ ጎህ ሲቀድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ሚስት ፍለጋ ሲጣራ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ንጉሡ ነዋ! ከዚያ ዘፋኙም የለ፣ ዘፈኑም የለ።

ቆቆች ተሰበሰቡ። ሽማግሌው አባ ጭምት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ወገኖቼ፣ የጨረሰን ድምፃችን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ጫጩቶቻችሁንም፣ የወንድ ጥሪ ከሰማችሁ ሞት መጣ ብላችሁ ሩጡ በሏቸው" አለ።

ተሰማ የሚባል ጎረምሳ ቆቅ ተነሣ። "አባቴ፣ በዚህ ረጅም ሣር ውስጥ ካልጠራኋት ሚስቴ በምን ታገኘኛለች?"

"በሕይወት መኖርህ አነሰህ? ታገሥ እንጂ!"

ጉባኤው ክንፉን አጨበጨበ፤ ያውም ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ አድርጎ። አባ ጭምት እንደሆነ ካገባ ቆይቷል፤ ትዕግሥት ምን ይከብደዋል!

እውነቱን ለመናገር ምክሩ ሠራ። በንጉሡ የሚበላ ቆቅ ጠፋ። ተሰማም ታገሠ። ክረምት ሄደ፣ ክረምት መጣ፤ ብቻውን ይለቅማል፣ ብቻውን ያድራል። ሣሩ ኮሽ ባለ ቁጥር መጣች ብሎ ልቡ ይዘላል፤ ነፋስ ነው። አንዳንዴ ድምፁ የጠፋ እየመሰለው አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል።

አንድ ማለዳ ቁጥቋጦ ሥር ንጉሡን አየውና ክው አለ። ንጉሡ ግን ንቅንቅ አላለም። ቆዳው ደርቋል፣ አጥንቱ ገጥጧል። የሚበላው አጥቶ ከሞተ ከርሟል። ወሬውን የሚያወራ ስላልነበረ፣ ያ ሁሉ አገር ለሬሳ ሲገዛ ኖሯል።

ተሰማ በደስታ የሚሆነውን አጣ። ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያፈነውን ድምፅ ለቀቀው።

ከጉብታው ሥር ይታይሽ የምትባል ቆቅ ነበረች። ከምክሩ ወዲህ በአባ ጭምት ጎጆ የተፈለፈለች ናት፤ እሷም ባል አጥታ ብቻዋን ትኖራለች። የወንድ ጥሪ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ምን ማለት እንደሆነ ግን ከአባቷ ተምራለች።

ሣሩ ተንቀሳቀሰ። "መጣችልኝ!" አለ ተሰማ፤ ላባውን አስተካከለ። የሣሩ ንቅናቄ ግን ወደ ማዶ እየራቀ ሄደ።

"ኧረ ቆዪ! እኔ እኮ ነኝ! ሞቷል!" ሲል ድምፁን ከፍ አደረገ።

እሷም ሩጫዋን ጨመረች።