የአዋጅ ነጋሪው በሬ

ሬዲዮ ላይ ስለ አገር ዕዳ ሲከራከሩ ስሰማ ድካም ድካም ይለኛል። ተንታኙ የራሱ ወገን የተበደረውን «ልማት» ይለዋል፤ ሌላው የተበደረውን «ውድቀት»። ይኼኔ አባቴ የሚወዳት አንዲት አባባል ትዝ ትለኛለች። መነሻዋን የነገረኝም እሱ ነው።

ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ጎጦች በአንድ ጭቃ ሹም ይተዳደሩ ነበር፤ ሹመቱ በየዓመቱ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ይዞራል። አንበጣ አዝመራውን በጨረሰበት ዓመት የላይ ቤቱ ሹም የሁለቱንም ጎጥ በሬ በሙሉ አስይዞ ከአንድ ነጋዴ ሃያ ጫን እህል ተበደረ። አዋጅ ነጋሪው ባይለየኝ የላይ ቤት ሰው ነው። ገበያ መሃል ቆሞ፣ ይኼ ዘር እንጂ ዕዳ አይደለም ብሎ ለፈፈ። በዓመቱ ተራው የደረሰው የታች ቤቱ ሹም ከዚያው ነጋዴ ሌላ ሃያ ጫን ሲጨምር ግን፣ ያው ባይለየኝ አገር ተሸጠ አለ።

ላይ ቤቶች ዕዳ የለብንም ብለው ተኙ። ታች ቤቶች ደግሞ ተቀይመው፣ መጀመሪያ እነሱ ይክፈሉ አሉ። እንዲህ ሲባባሉ የመክፈያው ቀን ተቃረበ።

ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ የታች ቤት መበለት ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ነው። የባይለየኝም አንድ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቀንበር እየጠመዱ በመቀናጆ ያርሱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ያዙት።

«ባይለየኝ፣ ጠቅላላው ዕዳችን ስንት ደረሰ?»

«የትኛው? ማን የተበደረው?»

«ማንም ይበደረው። የተያዘው በሬዬ ነው።»

«እሱን ሹማችሁን ይጠይቁ» ብሏቸው ሄደ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን አርጥቦ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው ሳለ፣ ነጋዴው ከዳኛ ጋር መጣ። ባይለየኝ፣ የእኔ እንኳ የላይ ቤት በሬ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ነጋዴው ቀንበሩን አስፈትቶ ሁለቱንም ነዳቸው። የዚያ ዓመት መሬት ጦሙን ማደሩ ነው።

ወይዘሮ አንጓች አላለቀሱም፤ ለልቅሶም አቅም አልነበራቸውም። ትልሙ ዳር ቁጭ ብለው ባይለየኝን ቀና ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ አፍ ያዳላል፣ ዕዳ አያዳላም» አሉት።