የክኒን ቅርጫ

ዘርፌን የበደለቻት ደብሪቱ ናት፤ የገዛ እናቷ ልጅ፣ ታናሿ። በዳይ ሩቅ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰው ተጣልቶ በሩን ዘግቶ ያርፋል። የእነዚህ ግን ግቢያቸው አንድ፣ በራቸው ፊት ለፊት፣ ውሃ የሚቀዱበት ቧንቧ እንኳ አንድ ነው። ዘግተው የት ይገባሉ?

አንድ ጊዜ፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያ ግቢ ሦስት የእናት ልጆች ይኖሩ ነበር፤ ታላቋ ዘርፌ፣ መካከለኛዋ ደብሪቱ፣ የመጨረሻው ውብሸት። ሦስቱም ሸብተዋል። እናታቸውን ስኳር ነው የጨረሳት፤ መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥሎ እግሯን፣ በኋላ ራሷን ወሰደ። አንድ ወንድማቸው ደግሞ ታክሲ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ ብላ ወደቀ። እናም የጤና ጣቢያው ሰዎች መጥተው «በሽታው ገና አልያዛችሁም፤ ግን ደጃችሁ ቆሟል» ሲሏቸው ማንም አልደነገጠም። ዘርፌ ብቻ «እሱንማ በኮቴው እናውቀዋለን» አለች።

ጤና ጣቢያው ጥናት ይዟል። ስኳርና የልብ በሽታ ሳይመጡ የሚያስቀር ክኒን አለ ተብሎ፣ እውነት ያስቀር እንደሆነ ሊፈትኑት ነው። ለግማሹ ሰው መድኃኒት ያለበት ክኒን ይሰጠዋል። ለግማሹ ደግሞ መልኩም መጠኑም ያው የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት። የቱ ለማን እንደ ደረሰ ሰጪዋም አታውቅ፣ ተቀባዩም አያውቅ። በየወሩ ደም ይታያል፣ ግፊት ይለካል፣ ዶክተር ይመረምራል፤ ከጠርሙሱ የተረፈው ክኒንም ይቆጠራል። ሦስቱም ተመዘገቡ።

«የራስዎን ብቻ ይዋጡ» አለቻት ዘርፌን ክኒን ሰጪዋ ሲስተር ሰናይት። «ለሰው አይስጡ፣ ከሰውም አይቀበሉ።»

ዘርፌ ከፊደል የምታውቀው የስሟን መነሻ ብቻ ነው። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና «ይኸው ጣቴ። ይህ ጣት ዋሽቶ አያውቅም» አለች።

በመጀመሪያው ወር ዘርፌ የሦስት ቀን ክኒኗን መሀረቧ ላይ ቋጥራ ለቅሶ ሄደች። ያን ሰሞን ደብሪቱን እህል አልወርድ አላት።

«ከሦስታችን ለአንዱ ባዶው ደርሶት ከሆነስ?» አለችው ውብሸትን። «እኔ መድኃኒቱን እየዋጥኩ እትዬን ልቅበራት?»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ቅርጫ ነዋ!»

ቅርጫ የዚያ ግቢ ሕግ ነው። በፋሲካ በሬ ሲታረድ ሥጋው ጥሩውም መናኛውም በየምድቡ ተደባልቆ ይከፈልና በዕጣ ይነሳል፤ አንዱ ሻኛ ብቻ፣ አንዱ አጥንት ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ አይገባም። ደብሪቱ ሦስቱን ጠርሙሶች ሰፌድ ላይ ገለበጠች፤ ክኒኑን እንደ ምስር በእጇ አመሰችና ከሦስት ከፈለችው።

«ሁሉም ያው ነጭ ነው፤ ዕጣው ምን ያደርጋል?» አላት ውብሸት።

«ያለ ዕጣማ ሌብነት ይሆናል!»

የራሷን አዝራር፣ የእሱን ምስማር፣ ከዘርፌ ነጠላ የተመዘዘች ክር ለጎረቤት ሴት ሰጥታ አስጣለች። ከዚያ ወዲያ በየወሩ፣ ዘርፌ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ ጎኗን ስታሳርፍ፣ ያንኑ አደረገች። ለእህቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ውብሸት አናጢ ነው፤ ከአፉ ይልቅ መዶሻው ይናገራል። በሦስተኛው ወር ሲስተር ሰናይት የዘርፌን ግፊት ስትለካ ፊቷ ሲለወጥ አየ። ሦስቱም ጠርሙሶች የሚቀመጡት ዘርፌ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት ይመጣል፤ ከራሱ ጠርሙስ አንድ ክኒን ያወጣል፤ ወደ አፉ እንደሚያደርስ ሆኖ የዘርፌ ጠርሙስ ውስጥ ጣል ያደርጋታል። ለእሷ እንዳያልቅባት፣ ለእኔ ይቅርብኝ ብሎ ነው። ዘርፌ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የራሷን አንዲት ክኒን ትውጣለች። ጠርሙሱ አልጎድል ሲላት ዓይኗን ጠረጠረች፤ ዓይኗ ካስቸገራት ቆይቷል።

የመቁጠሪያው ቀን ደረሰ። ሲስተር ሰናይት ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«እማማ ዘርፌ፣ ሠላሳ ሰጥቼዎት ሠላሳውንም መለሱልኝ። አልዋጡም ማለት ነው።»

«አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

«ክኒን እኮ አይዋለድም፣ እማማ!»

አግዳሚው ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። የውብሸት ጠርሙስ ግን ባዶ ነው። «መድኃኒት አወሳሰድ ማለት እንዲህ ነው!» ተብሎ በሰው ፊት ተመሰገነ፤ ሳሙናም ተሸለመ። አንድ ክኒን ያልዋጠው ተሸልሞ፣ አንድ ቀን ያልዘለለችው ውሸታም ተብላ ወጣች። «በሚቀጥለው ወር እንዲሁ ከሆነ ከጥናቱ ይወጣሉ» የሚለው ቃልም እስከ ደጅ ተከተላት።

ሦስቱም አብረው ሲመለሱ፣ ቤት ሳይደርሱ ውብሸት መንገድ ላይ ቆመና ሳሙናውን ዘረጋላት።

«ያንቺ ነው፣ እትዬ።»

«ምን አድርገህ ነው አንተ?»

ነገራት። ዘርፌ የአጥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ደብሪቱ ግን ነደደች።

«ቂል! እኩል አካፍዬ ሳበቃ አንተ መልሰህ ታበላልጣለህ?»

«ምኑን ነው ያካፈልሽው?» አለች ዘርፌ።

የቅርጫው ምስጢር የወጣው እንዲያ ነው።

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይ ነበር?»

«አልልም!»

«ለዚህ ነዋ ያልጠየቅኩሽ!»

«ጣቴን አስዋሸሽው፣ ደብሪቱ።»

«ጣትሽ ይበልጣል ወይስ እኛ? በይ ተነሺ፤ ዝም ካልን ማንም አያውቅም።»

ዘርፌን ሰው መቅበር ሰልችቷታል፣ ወረፋ ሰልችቷታል፣ ልጅ እግር ሲቆጣት መስማትም ሰልችቷታል። ቢሆንም ተነሳችና ፊቷን ወደ መጣችበት አዞረች። ለእውነት ብላ ይሁን ለስሟ፣ እሷም ለይታ አታውቀውም። «ውሸታም ተብዬ አልቀበርም» ብቻ ነው ያለችው። ዶክተሩ ዘንድ ገብታ የእህቷንም የወንድሟንም ሥራ አንድ ሳታስቀር አፈሰሰችው።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን የምናውቀው እሱን የዋጡትና ባዶውን የዋጡት ሲለያዩ ነው። እናንተ ቀላቀላችሁት። እርስዎ ባይናገሩ ደግሞ ይህ ስህተት ለስንቱ ሰው ከሚሰጠው መልስ ጋር አብሮ ይገባ ነበር።»

«አሁንስ?»

«የእናንተ የእስካሁኑ አይቆጠርም። ደንቡ ሦስታችሁም ትወጣላችሁ ነው የሚለው።»

ወጥቶ ለአለቆቹ ስልክ ደወለ፤ ለረጅም ጊዜ ለመነ። ሲመለስ እንዲህ አላት፦ «እንደ አዲስ የሚጀምር የአንድ ሰው ቦታ ፈቅደውልኛል። ያ ሰው በየቀኑ እዚህ መጥቶ ሲስተር ፊት ይውጣል፤ እኔም በየወሩ አየዋለሁ። የቀሩት እንደ ማንኛውም ሰው ሲያማቸው ይመጣሉ። ተስማሙና ነገ ጠዋት ስም አምጡልኝ።»

«አንተ አትመርጥም?»

«እኔ ብመርጥ ሁለቱ ይረግሙኛል» አለ ፈገግ ብሎ።

«ሲያማቸው ይመጣሉ» የሚለውን ዘርፌ ታውቀዋለች። እናቷ ሲያማት ነው የመጣችው፤ ያኔ ጣቷ ጠቁሮ ነበር።

ቤት ገብታ ለሁለቱ ነገረቻቸው። ሦስቱም ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

«ለእኔ ነው የሚገባው» አለች ደብሪቱ። «ወንድማችን ሲሞት የተዋቸውን ሦስት ልጆች ማን ነው የሚያሳድገው? ደግሞስ ለሦስታችንም ያሰበ ማን ነው? አንቺ ለስምሽ አሰብሽ፤ እሱ ላንቺ አሰበ። እኔ ግን ማንም እንዳይቀር ብዬ ነው ያካፈልኩት።»

«ያለ እኔ አፍ ይቺ አንዲት ቦታም አትገኝም ነበር» አለች ዘርፌ። «ብንደብቀው አንድ ቀን ሦስታችንም እንባረር ነበር። አሮጊት ነኝና ልተው? አልተውም። ግፊቱ ያለው እኔ ላይ ነው።»

ሁለቱም ወደ ውብሸት ዞሩ፤ እንደ ልማዱ ለእትዬ ይሁን ይላል ብለው ነው። መሬቱን በእንጨት ሲጭር ቆይቶ ቀና አለ።

«ወሩን ሙሉ የእኔን ድርሻ ለሰው ሰጠሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እንጂ እኔም መኖር እፈልጋለሁ።»

ደብሪቱ «ደግሞ እኮ አዲሱ ጠርሙስ ባዶው ሊሆን ይችላል» አለች።

«ይሁና!» አለች ዘርፌ። «ጠርሙሱ ባዶ ቢሆን ዶክተሩ ባዶ አይደለም።»

ሳይስማሙ ተለያዩ።

በማግሥቱ ጠዋት ዘርፌ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ሁለቱም ተከተሏት። የጤና ጣቢያው በር ገና አልተከፈተም። አግዳሚው ላይ ያሉት ትናንት የሳቁባት ሰዎች ናቸው። ዘርፌ የመሀረቧን ቋጠሮ ፈታችና አንድ አዝራር፣ አንድ ምስማር፣ አንዲት የነጠላ ክር አውጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ደረደረች። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራችላቸው፤ የራሷንም ኩራት አልደበቀችም።

«አስቸጋሪ ነው እንግዲህ! ዕጣ ጣሉበት፣ እማማ!» አላት አንዱ።

«ዕጣ ዓይን የለውም፤ እናንተ ግን አላችሁ። ትናንት ስትስቁብኝ አይቼዋለሁ» አለችው። ከዚያ በጣቷ፣ በዚያው ቀለም በነካው ጣቷ፣ አንድ በአንድ ነካካቻቸው። «አዝራሩ፣ ማንም ባዶ እጁን እንዳይቀር ያካፈለችው ናት። ምስማሩ፣ የራሱን አፍ ዘግቶ የሰጠው ነው። ክሩ፣ እውነቱን የተናገረችው ናት። ቦታዋ አንዲት ናት። በሉ፣ ሲስተር በሩን ሳትከፍት ፍረዱ፤ ለማን ትገባለች?»