የሙሽሪት ያልተነጠፈ አልጋ

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ ገና በሕይወት ሳለ፣ ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ደጋው በሚወጣው ሐዲድ ላይ አራት የመኝታ ፉርጎዎች ይመላለሱ ነበር። ባቡር ደግሞ ይሞታል ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ ድሬዳዋ ሄዳችሁ ሐዲዱ ላይ ልብስ የሚያሰጡትን ሴቶች ጠይቁ። የእነዚያ ፉርጎዎች ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ ሳሎን ነበር። ሰፊ መስኮት፣ ባለ ትራስ ወንበር፣ ቢራና ሎሚናት የሚቀርብበት ጠረጴዛ ነበራቸው። ገንዘብ ያለው ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ በረሃውን ሲያይ ያመሻል፤ እንቅልፉ ሲመጣ ገብቶ በነጭ አንሶላ ይተኛል። ሠራተኞቹ ለአራቱም የቤት ስም አውጥተውላቸው ነበር። ወሬዬ የሚመለከታትን፣ በመጋረጃዋ ንጣት የተነሳ፣ ሙሽሪት ይሏታል።

የሙሽሪት አልጋ አንጣፊ አቶ ወርዶፋ ነበሩ። ጉልምስናቸውን በሙሉ የሰው አልጋ ሲያነጥፉ ኖሩ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ጎናቸውን አላሳረፉባትም። የእሳቸው ቦታ ኮሪደሩ ጥግ ያለች ታጣፊ መቀመጫ ነበረች። ሸራዋ ሲቀደድ በግመል ቆዳ ሰፍተው ጠገኗት እንጂ ትቀየርልኝ አላሉም። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ደንብ ከተባለ ለእሳቸው አበቃ።

አንድ ጊዜ ሚስታቸው ወይዘሮ ዘነበች በጠና ታመሙ። አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል መድረስ ነበረባቸው። የሠራተኛ ቤተሰብ ደግሞ በሦስተኛ ማዕረግ፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ ነው የሚሄደው። በዚያ ጉዞ የሙሽሪት ሦስተኛ ክፍል ባዶ ነበር። ቁልፉ በአቶ ወርዶፋ ኪስ፣ አንሶላው በክንዳቸው ላይ ነበር። «አዋሽ ላይ ቲኬት የቆረጠ ሰው ይመጣ ይሆናል» ብለው ተዉት። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ወደ ኋላ እየሮጡ ለሚስታቸው ውሃ ያቀብሉ ነበር። አዋሽ ላይ ማንም አልመጣም። መተሐራ ሳይደርሱ ወይዘሮ ዘነበች አጠገባቸው የተቀመጠች የማያውቋት ሴት ትከሻ ላይ ተደግፈው አረፉ። የሰውዬውን ነገር እናንተው አስቡት።

ሦስት ልጆች ቀሩ። የመጀመሪያው በዳዳ አድጎ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ። ተከታይዋ ፋንታዬ ልብስ ሰፊ ሆነች። እናቱ ስትሞት ጡት እንኳ ያልጣለው ረጋሳ ከአባቱ ጋር ቀረ። ባቡሩም ቆመ፤ ፉርጎዎቹ የትም ተበተኑ። አቶ ወርዶፋ አርጅተው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ልጆቻቸውንና የድሮ ጓደኛቸውን፣ ባቡር ነጂ የነበሩትን ሐጂ ሙሳን፣ አስጠሩ።

«አንድ አልጋ ሳላነጥፍ ቀርቻለሁ» አሉ። «የእናታችሁን። ሙሽሪትን ፈልጉልኝ፤ እሱን አንጥፌ ልሙት። እዚያ አልጋ ዘንድ ያደረሰኝ ልጅ የእኔንም የእሷንም ምርቃት ጠቅልሎ ይውሰድ።»

«ለሦስታችንም አይሆንም ወይ አባባ?» አለች ፋንታዬ።

«አንድ አልጋ የሚነጠፈው ለአንድ ሰው ነው።»

እዚህ ላይ ተሳስተዋል እላለሁ፤ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ምርቃትን እንደ መኝታ ቲኬት ቆጠሩት። ግን ዕድሜ ልኩን በአንድ አልጋ አንድ ሰው ሲያስተኛ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል? ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞረው፣ «ጊዜ ካጠረኝ በእኔ ፈንታ አንተ እጅህን ጫንለት» አሏቸው። ሐጂ ሙሳም «እሺ» አሉ። አይ እሺ! ከአፍ ስትወጣ እንዴት ትቀላለች።

በዳዳ በማግስቱ የመኪናውን ቁልፍ ለአሠሪው መልሶ ሐዲዱን ይዞ ወጣ። ከጣቢያ ጣቢያ፣ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ «የመኝታ ፉርጎ አይታችኋል?» ይላል። የመጀመሪያዋን አፍደም አካባቢ አገኛት፤ ፍየል ያድርባታል። ሁለተኛዋ መተሐራ ላይ ሥጋ ቤት ሆናለች፤ ሙዳው ድሮ መጋረጃ በነበረበት ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛዋን አላገኛትም፤ ያገኘው ሞጆ ላይ ከብረቷ የተሠራ የመስኮት ፍርግርግ ነው፣ ቆራርጠው በየቤቱ በትነዋታል። እሱ እንዲህ ሲንከራተት ሥራውን ሌላ ሰው ያዘበት፤ ሚስቱም «ባል ነው ወይስ መንገደኛ ያገባሁት?» ብላ እናቷ ቤት ገባች፤ አልተመለሰችም። በመጨረሻ ከአዳማ ወጣ ብሎ ሽኩር የሚባል የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ የተቀባች ፉርጎ አየ። ስሟም ቁጥሯም ተፍቋል። ገብቶ ኮሪደሩን ሲያይ ጥጉ ላይ በግመል ቆዳ የተሰፋች መቀመጫ አገኘ። ተቀመጠባትና እንደ ሕፃን አለቀሰ። በዳዳ ባይኖር ሙሽሪትን ማንም አያገኛትም ነበር።

ሽኩር ግን፣ «ወንድሜ፣ ለእኔ ብረት ነው። ሐሙስ ትቆረጣለች» አለው።

በዳዳ ለእህቱ ደወለ። ፋንታዬ የልብስ ስፌት ቤቷን ዘጋች፤ የስፌት መኪናዋን፣ ፍራሿንና የከሰል ምድጃዋን በአውቶቡስ ጭና መጣች። ሐሙስ በያጆቹ ጋዛቸውን እየገፉ ሲደርሱ ሙሽሪት መስኮት ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከውስጥ ሽሮ ይንተከተካል።

«እቴ፣ ውረጂ፤ ልንቆርጥ ነው» አሏት።

«ሰው ያለበትን ቤት? ቁረጡ እንግዲህ» አለች።

በያጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሳት ይዘን ሴት ያለችበት ቤት አንጠጋም ብለው እምቢ አሉ። ሽኩር ተናደደ፤ ኋላ ግን ሙቀቱ ራሱ ያስወጣታል ብሎ ተዋት። ብረት ቤት በአዳማ ፀሐይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የዳቦ መጋገሪያ ነው። እሷ አልወጣችም። በዳዳ ውሃና ከሰል ያመላልስላታል፤ እሷ የበያጆቹን የተቀደደ ቱታ እየሰፋች ትውላለች። ዙሪያዋን ሌላ ሌላውን ሲቆርጡ የአሮጌ ቀለሙ ጭስ በመስኮት ይገባባታል። በጋው ሲያልቅ ደረቷ ውስጥ ሳል ገባ። ያ ሳል እስከ ዛሬ አለቀቃትም፤ ክር በመርፌ ስታስገባ እንኳ ያቋርጣታል። ፋንታዬ ባትኖር ሙሽሪትም የመስኮት ፍርግርግ ሆና ነበር።

ረጋሳ ይህን ሁሉ ጊዜ ድሬዳዋ፣ አባቱ ቤት ነው። ፉርጎም አልፈለገም፤ ከነጋዴም አልተሟገተም። አባቱን ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ያጎርሳል። ወጣትነቱ በዚያ ክፍል ውስጥ አለፈ ብል አላጋነንኩም። የሽማግሌው እጆች አያርፉም፤ የለበሱትን ብርድ ልብስ ጫፉን እየጎተቱ ሲያስተካክሉ ይውላሉ።

«ተገኘች?» ይሉታል ሲነጋ።

«ተገኝታለች አባባ። ፋንታዬ ውስጧ ናት።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል፦ «ከዚህ ከተነቃነቁ መንገዱ ይጨርሳቸዋል። እዚሁ ቢያርፉ ግን ፋሲካን ያያሉ፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ።» ወንድምና እህቱም በስልክ፣ «አደራ እንዳታነሳው፤ ትንሽ ያገግም፣ አብረን እናመጣዋለን» ይሉታል። ረጋሳ እሺ ይላል። ግን የአባቱን ክንድ በየቀኑ የሚይዘው እሱ ነው፤ ክንዱ እየቀጠነ ነው እንጂ እየወፈረ አይደለም። አባባ እንደማያገግም ከሦስቱ ሁሉ እሱ ያውቃል። ወይም የሚያውቅ መሰለው፤ ይህንንም መርምሩት።

አንድ ቀን ለማንም ሳይነግር ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ለመነ። ሐጂ ሙሳ ጋቢና ገቡ። እሱ ከኋላ ፍራሽ አንጥፎ የአባቱን ራስ ጭኑ ላይ አደረገ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሽማግሌው ያቃስታሉ። ረጋሳ፣ «እንመለስ አባባ?» ሲላቸው፣ «ሂድ» ይላሉ። ረጋሳ ባይኖር አቶ ወርዶፋ ሙሽሪት ዘንድ አይደርሱም ነበር።

ግቢው ሲደርሱ ፋንታዬ አባቷን አይታ ጮኸች። «ምን አደረግከው? ምን አድርገህ ነው ያመጣኸው?» የሽማግሌው ፊት አመድ መስሏል። በዳዳና ረጋሳ ተሸክመው ደረጃው ጋ ሲያደርሷቸው ግን፣ «ልቀቁኝ። እዚህ ውስጥ በሸክም ገብቼ አላውቅም» አሉ። የበሩን ብረት ጨብጠው ወጡ። እንዴት እንደወጡ አትጠይቁኝ። ኮሪደሩን በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱና ሦስተኛው ክፍል በር ላይ ቆመው አንሶላ ጠየቁ። ፋንታዬ የሰፋችውን ነጭ አንሶላ አቀበለቻቸው። ሌላ ማንም እንዳይገባ በእጃቸው ከለከሉ።

ልጆቹ በበሩ ክፍተት ያዩአቸዋል። አንሶላውን አራገፉት፤ ጫፉን ከፍራሹ ሥር አጠፉት፤ ጨምደድ ያለችውን በእጃቸው ጀርባ ዳበሱ። ትራሱን መታ መታ አደረጉ። ሲጨርሱ ለመንገደኛ እንደሚያደርጉት በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ወደ ጎን ቆሙ።

«ዘነቡ፣ በይ ግቢ፤ ተኚ» አሉ። «ማንም አይመጣም።»

ከዚያ ወደ ጥጉ ሄደው ታጣፊዋ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። አልጋውን አልነኩትም። ልጆቹ ቀርበው ሲያዩዋቸው አርፈዋል። ምርቃት ሳይሰጡ፣ ከሦስቱ የአንዱንም ስም ሳይጠሩ።

ቀበሯቸው። ሽኩርም ሰው ነውና የሐዘኑ ድንኳን እስኪነሳ ታገሠ፤ ከዚያ ሙሽሪትን ከሳሎኑ በኩል መቁረጥ ጀመረ። ያን አልጋ ለማንሳት ግን ከሦስቱ አንዱም አልደፈረም። እንደተነጠፈ እሳቱ ደረሰበት።

ልጆቹ ሐጂ ሙሳ ፊት ቀረቡ።

በዳዳ፣ «የት እንዳለች ባላውቅ ኖሮ እነዚህ ምን ያድኑ ነበር? ወዴትስ ይዘውት ይሄዱ ነበር?» አለ። «ሥራዬም ትዳሬም በሐዲዱ ላይ ቀርቷል። አባቴ የተወልኝ አንድ ነገር ይኑረኝ።»

ፋንታዬ ሳሏ እስኪያልፍ ጠበቀች። «እሱ ያገኘው ሐሙስ ሊቆረጥ የነበረ ብረት ነው። አልጋ ሆኖ እንዲቆይ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «ረጋሳ ቢታገሥ ኖሮ ደግሞ አባባ አንጥፎ በሰላም ይመለስ ነበር። ቸኩሎ አባቴን ነጠቀኝ።»

ረጋሳ ወደ ሽማግሌው ተጠጋ። ተንበርክኮም፣ «ሐጂ፣ እኔ ምርቃቱን ለሀብት አልፈልገውም» አለ። «የአባባ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። ሲያቃስት ሰምቻለሁ። እንመለስ ብዬዋለሁ፤ ሂድ ብሎኛል። እጅዎን ሌላው ላይ ከጫኑ ገዳዩ ነህ ማለትዎ ነው። እኔ ላይ ከጫኑ ግን ልጁ ነህ ማለትዎ ነው። ይኸው ነው የምጠይቀው።»

ፋንታዬ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ የተናገረችውን ግን አላነሳችም። በዳዳ መሬት መሬት ያያል።

ሐጂ ሙሳ እጃቸውን አነሡ። ባቡር ሲነዱ የኖሩ እጆች ናቸው። የሟቹን ቃል ቢጠብቁ አንድ ብቻ ነው መመረቅ የሚችሉት፤ ቃሉን ቢያፈርሱ ደግሞ አደራ በል ይሆናሉ። በዳዳ ላይ ቢጭኑት ረጋሳ ዕድሜውን ሙሉ ያን ማቃሰት እየሰማ ይኖራል። ረጋሳ ላይ ቢጭኑት፣ ደረቷን የሰጠችው ፋንታዬ ባዶዋን ትገባለች። ፋንታዬ ላይ ቢጭኑት ደግሞ በዳዳ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የሚገባበት በር የለውም።

ይህን ባወራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ሰው ሲጣላ ነው የሚያድረው። እኔም እንደ ቀኑ ይለዋወጥብኛል፤ ስለዚህ የእኔን አትጠብቁ። ሽማግሌው እጃቸውን እንዳነሡ ናቸው፤ ሦስቱ ራሶች ከፊታቸው አጎንብሰዋል። እናንተ ብትሆኑ በማን ላይ ትጭኑት ነበር?