ሦስተኛው አምፖል

የመኪኖች ኃላፊው አቶ ሸዋንግዛው ሰው አያምኑም። አዲስ የፊት መብራት አምፖል በተገዛ ቁጥር፣ ፎርጅድ እንዳይሆን ብለው መስታወቱን በጣታቸው እያሻሹ ሳያዩት አይገጠምም። የጣት ወዝ የነካው መስታወት ሲግል ቶሎ እንደሚቃጠል የመኪና ኤሌክትሪሺያኗ ብትነግራቸው፣ «ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አሏት።

በወሩ ውስጥ ሦስተኛው አምፖል ሲቃጠል ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡና፣ «አምፖል የሚያቃጥለውን ሰው እስከ ማታ በማስረጃ ካላቀረብሽ ነገ ሥራ እንዳትገቢ» አሏት።

ኤሌክትሪሺያኗ የተቃጠለውን አምፖል በጨርቅ ይዛ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች። መስታወቱ ላይ የአውራ ጣት ምልክት ጠቁሮ ይታያል።

«እስከ ማታ ለምን እንቆያለን ጌታዬ» አለች። «ሰውየው አሻራውን ትቶልናል። ሁላችንም ጣታችንን እናስተያይ። በማዕረግ ይሁን፤ ከእርስዎ እንጀምር።»