በሩ አጠገብ የተሰቀለው ካፖርት

አንዲት ኦቲሊየ የምትባል ጸሐፊ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በጀርመን አገር፣ በአንዲት ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ብቻዋን ትኖር ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፏን ይዛ አሳታሚ ዘንድ ስትሄድ ሰውየው ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና፣ «ጽሑፉ ግሩም ነው፤ ግን የሴት ስም ያለበትን መጽሐፍ ማን ይገዛል? የወንድ ስም ያውጡለት» አላት። እሷም ራይንሆልድ የሚል ስም አወጣችለት።

መጽሐፉ ተወደደ። ሰዎች «አቶ ራይንሆልድ አሉ?» እያሉ በሯን ማንኳኳት ሲጀምሩ፣ ኦቲሊየ አሮጌ የወንድ ካፖርት ገዝታ በሩ አጠገብ ሰቀለች። «ጌታዬ ወጥተዋል፤ እኔ ቤት ጠባቂያቸው ነኝ» እያለች ትሸኛቸው ነበር። እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ምስጋናው ሁሉ ለካፖርቱ፣ ብቸኝነቱ ለእሷ ሆነ። አንዳንድ ቀን አቧራውን እያራገፈች «ዛሬም ደብዳቤ መጣልህ» ትለዋለች። ሌላ የምታዋራው አልነበራትም።

በረዶ በሚጥልበት ወር አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ደብተር በብብቷ ይዛ ከሩቅ አገር መጣች። መንቀጥቀጧ ኦቲሊየን አሳዘናትና ወደ ምድጃው አስጠጋቻት።

«ጌታዬ ወጥተዋል» አለቻት እንደ ልማዷ።

«በዚህ ብርድ ካፖርታቸውን ትተው?»

ኦቲሊየ ጎንበስ ብላ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረች። ልጅቷ ቀጠለች። «አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት። መጽሐፉን ሳነብ፣ ይሄንስ የጻፈችው ሴት ናት አልኩ። እኔም እጽፋለሁ፤ ለማንም ግን አሳይቼ አላውቅም። እባክዎ እመቤቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሴት ናት?»

«እኔ ነኝ» ለማለት አንዲት ትንፋሽ ነበር የቀራት። የለመደ አፍ ግን ቀደማት።

«ወንድ ናቸው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ተሳስቻለሁ» አለች ልጅቷ። ደብተሩን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠች። «እሳት ማያያዣ ያድርጉት» ብላ ወጣች።

ኦቲሊየ ደብተሩን ከፍታ ሁለት ገጽ እንዳነበበች ደነገጠች። ከራሷ ጽሑፍ የተሻለ ነበር። ምንም ሳትደርብ ወደ መንገድ ሮጠች፤ ልጅቷን ያሳፈረው ሠረገላ ሄዷል። ደብተሩን ብታገላብጠው ስም የለበትም። ያቺም ልጅ ስሟን ደብቃ ነበር።

ኦቲሊየ የሚቀጥለውን መጽሐፏን በገዛ ስሟ አወጣች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ «ደብተሯን ምድጃዬ አጠገብ ትታ ለሄደችው፦ አዎ፣ ሴት ናት» ብላ አሳተመች። አሳታሚው እንደፈራው የገዛው ሰው ጥቂት ነበር። ካፖርቱን ለለማኝ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫዋ እየተነሣች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀች። ልጅቷ አልመጣችም።

ዝምታ ወርቅ ነው እንባባላለን። ኦቲሊየም ስሟን ስትደብቅ የምትጎዳው ራሷን ብቻ መስሏት ነበር። ነገር ግን ከኋላችን የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ «በዚህ ያለፈ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያለፍን ሰዎች ዝም ካልነው መንገዱ የተዘጋ ይመስለዋል፣ ከደጃችንም ይመለሳል። እስቲ በርዎን ዞር ብለው ይመልከቱ። እዚያ የሰቀሉት የማንን ካፖርት ነው?