በሽታውን የከሰሰው ተማሪ

«ተረት ተረት።»

«የሐኪም ቤት።»

በድሮ ዘመን አንድ ተማሪ ለነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ ሊያጠጣ ነበር። መምህሩ ዋንጫውን ከከንፈሯ ላይ ነጠቁት። የሆነው ይህ ነው።

ተማሪው ጓንጉል ይባላል። መምህሩ መድኃኒት አዋቂው አለቃ ውቤ ናቸው። ሴትዮዋ «ለፋሲካ ጥሬ ሥጋ በላሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሆዴ ይገለባበጣል» አለች። ጓንጉልም ሥጋ የሚለውን ሰማና ኮሶውን ወቀጠ። የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ አልጠየቃትም። ኮሶ ደግሞ ትል ብቻ አያወርድም፤ ፅንስም ያስወርዳል።

ከዚያም ጓደኞቹ ስሙን «ኮሶ» አሉት። ቀልጣፋው ዘለቀ በተለይ አፉ አያርፍም።

፦ ኮሶ፣ ጠላው መረረኝ። እጅህን ነከርክበት እንዴ?

ጓንጉል ጓዙን ጠቀለለ። ጓዙም አንድ አጎዛና አንድ ቅል ነው። የሚሄድበት አልነበረውም። እናት አባቱን ቀብሮ፣ ዳኞች በሚያስችሉበት ዋርካ ሥር የተሟጋቾችን በቅሎ እየጠበቀ ነው ያደገው።

አለቃ በሩ ላይ አገኙት።

፦ ወዴት ነው?

፦ ልሄድ ነው፣ የኔታ። ጭንቅላቴ አይቀበልም።

፦ ይቀበላል እንጂ። ሥሩንም ቅጠሉንም ከዘለቀ እኩል ታውቃለህ። ጎተራህ ሙሉ ነው፤ የጎደለህ ዳኛ ነው። ዋርካው ሥር ስታድግ፣ ዳኛ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ብቻ ሰምቶ ሲፈርድ አይተሃል?

፦ አላየሁም።

፦ ታዲያ አንተ ለምን ትፈርዳለህ? እስከ መስቀል ቆይ። ካልሆነልህ ስንቅ ቋጥሬ እሸኝሃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሕመምተኛ በመጣ ቁጥር ጓንጉል መጀመሪያ የታየውን በሽታ ይከሳል። አለቃ ለበሽታው ጠበቃ ይቆማሉ።

፦ ተጠየቅ፣ ይላል ጓንጉል።

፦ ልጠየቅ፣ ይላሉ አለቃ በበሽታው አፍ። ምስክርህን አምጣ። እኔ ካልሆንኩስ ማን ሊሆን ይችላል? ከሁላችንስ ቶሎ የሚገድለው የትኛው ነው?

ጓንጉል ብዙ ጊዜ ተረታ። በተረታ ቁጥር አለቃ አይቆጡም። የሳተበትን ያሳዩትና እንደገና ያስከስሱታል። እያደረም መረታቱ ቀነሰ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ አጋሰስ ነጂ ደም እየተፋ መጣ። ወንድሙ ራቅ ብሎ ቆሟል። ዘለቀ አየውና፦

፦ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ለብቻው ጎጆ ይሠራለትና ከልጆቹ ይለይ፣ አለ።

ወንድምየውም እንጨት ሊቆርጥ ምሳሩን አነሣ። አለቃ ጓንጉልን አዩት። ጓንጉል ወደ ሕመምተኛው ቀረበ። አሁንም ከሳተ መንገዱ ያው ነው፤ አጎዛና ቅል።

፦ ነቀርሳው ጠበቃ የለውም፣ አለ። እኔ እቆምለታለሁ።

፦ ተጠየቅ፣ አለ ዘለቀ እየሳቀ። ምስክሬ ደሙ ነው።

፦ ልጠየቅ። ደም ብቻውን ምስክር አይሆንም። አያ፣ መቼ ጀመረህ?

፦ ከትናንት በስቲያ፣ አለ ነጂው።

፦ ከዚያ በፊት ያስልህ፣ ያልብህ፣ ያከሳህ ነበር?

፦ እኔን? በቅሎ ሲደክማት ጭነቷን ተሸክሜ ዳገት የምወጣውን?

፦ ውሃ ከየት ጠጣህ?

፦ ከምንጭ ነዋ። ከበቅሎዎቹ ጋር በአፌ ተደፍቼ።

ጓንጉል ሰውየውን ወደ ፀሐይ አዞረው። አፉን አስከፈተና ምላሱን በማንኪያ እጀታ ተጫነ። ጉሮሮው ውስጥ ጥቁር ነገር ተላወሰ። ከምንጩ ውሃ ጋር የገባ አልቅት ነበር። ከዚያም የትንባሆ ውሃ አጉመጠመጠው፤ አልቅቱም ለቀቀና መሬት ወደቀ። ደሙ ቆመ። ወንድምየው ምሳሩን ጥሎ ወንድሙን አቀፈው።

፦ ከእንግዲህ ኮሶ አልልህም፣ አለ ዘለቀ። አልቅት ነው የምልህ።

፦ ይህ የማን ልጅ ነው? አለ ወንድምየው።

፦ የእኔ ተማሪ ነው፣ አሉ አለቃ።

ከዚያም ጓዳ ገቡና ለጓንጉል መሸኛ ቋጥረውት የነበረውን ስንቅ ይዘው ወጡ። ፈቱትና መሐል አስቀመጡት። ሁሉም በሉ።

ዘመን አለፈ። አለቃ ዐረፉ። ዘለቀ መኳንንት ቤት ገባ። ሌሎቹም በየአገራቸው ተበተኑ። በዚያ ቤት ተማሪ እያስከሰሰ የቀረው ጓንጉል ነው።

ተረቴን ለጠየቀ መልሱ፤ ሲያወራ የደረቀ አፌን በትኩስ ድፎ አብሱ።